የሚያውቀው እጅ

ሐዋ ስትደውል ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ደፍቼ ጠረጴዛው ላይ ስላስቀመጥኩት ሦስት ጊዜ ጠርታ አላነሳሁላትም። ወጥቼ መልሼ ስደውል ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም። አባቷ ጎህ ሲቀድ ማረፋቸውን፣ ከዙህር ሶላት በኋላም መቀበራቸውን በአጭሩ ነገረችኝ። እኔም ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለውን «አላህ ያጽናሽ» እንኳ ሳልል ከአፌ የወጣው፣ «ብርቱካኗስ? ደህና ናት?» የሚል ነበር።

ወዲያው አፈርኩ። ሐዋ ግን በእንባዋ መሀል ሳቅ አለች። «አንቺም እንደሳቸው ሆነሽ አረፍሽው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰውዬውን ካወቅኋቸው ጀምሮ ወሬያችን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጓሯቸው ያለችው ብርቱካን ላይ ያርፍ ነበር። እሳቸውን የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ፣ እጃቸው ሲደክም፣ ያችን ዛፍ ማን ይገርዛታል? ቆርጦ የሚጥላት ሰው ሞልቷል። እሳቸው የሚፈልጉት ቆርጦ የሚያኖራትን ነበር። ዛፏን የተከለቻት ሟች ባለቤታቸው ሐሊማ ናት። ከአሶሳ በኩርሙክ መንገድ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር ያለው ጣፋጭ ብርቱካን ሁሉ ደግሞ ከእሷ ቀንበጥ እየተወሰደ የተዳቀለ ነው። የሰፈሩ ሰው እናትየዋ ይላታል።

የሰውዬው ስም አልጣሂር ነው፤ በስማቸው ሲጠራቸው የሰማሁት ሰው ግን የለም። በመጀመሪያ ልጃቸው አቡ ሐዋ ይባሉ ነበር፣ የሐዋ አባት ለማለት። ከበርታ ብሔረሰብ ናቸው። እኔ በሠራሁበት የችግኝ ጣቢያ በወረቀት ዘበኛ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ የተመደብኩ፣ በወረቀት የፍራፍሬ ባለሙያ። ወረቀቱ ስለ ሁለታችንም የተሳሳተ መሆኑን ለመረዳት ሦስት ወር ያህል ፈጅቶብኛል።

አጭርና ቀጭን ናቸው። ነጭ ጀለቢያ ይለብሳሉ። የጀለቢያው የቀኝ ኪስ ውስጥ መቀሳቸው፣ ትንሽ ሞረድና እርጥብ ጨርቅ ስለማይጠፋ ልብሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይጎተታል። ከሩቅ ሲመጡ ሰውዬው ራሳቸው ወደ ቀኝ ያዘመሙ ይመስል ነበር። አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነውና በንግግራቸው ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔም፣ ዛፏም፣ ነፍሷን ይማርና ሐሊማም «እሱ» ነበርን። የተማረ ሰው ደግሞ ሁሉም ሙሀንዲስ ነው፤ በወጣትነታቸው ድንበር ተሻግረው ሱዳን ውስጥ የብርቱካን እርሻ ላይ ሲሠሩ የለመዱት አጠራር ነው። እኔ ሕንፃ አልሠራም ብላቸው፣ ዛፍም ቤት ነው፣ ወፍ ይገባል፣ ንፋስ ይገባል፣ መስኮቱን በልክ ካልከፈትክለት ውስጡ ይሻግታል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሀንዲስ ሆኜ ቀረሁ።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በእኔ ስህተት ነው። በሰፈሩ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ተደራጅተው ነበርና የመግረዣ መሣሪያ መርጬ እንድገዛላቸው ቢሮው ወከለኝ። ገበያ ወርጄ አንዱ ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ሁለት ዓይነት መቀስ አወጣልኝ። አንዱ ጎበጥ ያለ ስለቱ ከአንድ መንጠቆ ጎን ለጎን የሚያልፍ ነው፤ ቀጭንና ለዓይን ደካማ። ሌላው ስለቱ ከላይ ወርዶ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፍ፣ ወፍራም፣ ሲይዙት ደስ የሚል። ባለሱቁ ከአጥሩ ደረቅ ቀርከሃ ሰብሮ ሰጠኝና ሁለቱንም ሞከርኩ። ወፍራሙ ቀርከሃውን እንደ ዱባ ሐረግ ቀጨው። አንድ ካርቶን ሙሉ አስጫንኩ።

ስናከፋፍል ገበሬዎቹ ተደሰቱ። በተለይ ጋሽ ይመር፣ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ጎረቤት፣ መቀሱን አየር ላይ ከፈት ዘጋ እያደረጉ፣ «ተገላገልሁ፤ ከእንግዲህ ገጀራ አላነሣም» ብለው መረቁኝ። አቡ ሐዋ ዳር ላይ ቆመው ነበር። አንዱን ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ሄደው ከአንድ ብርቱካን ለምለም ቀንበጥ ቆርጠው መጡ። ቀንበጡን አንድ ጊዜ በእኔ መቀስ፣ አንድ ጊዜ ከኪሳቸው ባወጡት በራሳቸው መቀስ ቆረጡና ሁለቱን ጫፎች እንድዳስሳቸው ሰጡኝ። የእሳቸው እንደ ሳሙና ልስልስ ያለ ነው። የእኔው ጫፍ ተጨፍልቆ ቅርፊቱ ከእንጨቱ ለቋል።

«ይሄ አልቆረጠም። አኘከ» አሉ። ቀጥለው፣ «ሱቅ ውስጥ ምን ቆርጠህ አየህ?»

ደረቅ ቀርከሃ አልኩ።

«የኔ ዛፍ ሬሳ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካርቶኑን ሙሉ የገዛሁት እኔ፣ ያስፈረምኩት እኔ። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ይሄ መቀስ ክፉ አይደለም፣ ለደረቅ እንጨት ከእሱ የሚሻል የለም፣ ሁላችሁም ለሞተው ቅርንጫፍ ያዙት፣ ለሕያው ግን ሌላ ነው ብለው ለሰዎቹ አስረዱ። አንዱን ራሳቸው ወስደው ደረቅ ሲያገኙ በእሱ ብቻ ይቆርጡ ነበር። እስከዛሬ ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚገርመኝ ስህተቴን መንገራቸው አይደለም፤ ስህተቴን ቦታ ፈልገው ማስቀመጣቸው ነው።

ከዚያ በኋላ እግር በእግር ተከተልኳቸው። ዘበኛውን የሚከተል ባለሙያ ተብዬ ሳይሾፍብኝ አልቀረም። እሳቸው ማስተማር የሚባል ነገር አያውቁም፤ ይሠራሉ፣ የጠየቅኩትን ይመልሳሉ፣ አንዳንዴም በጥያቄዬ ይስቃሉ። ለምን መቀሱን አይጠቀሙም ስላቸው አውራ ጣታቸውን ቅርንጫፉ ላይ ያጋድማሉ። ከአውራ ጣት የወፈረ በእጅ መቀስ አይቆረጥም፤ ለእሱ ባለ ረጅም እጀታው አለ። ሦስት ጣት ከሞላ ደግሞ መጋዝ ነው። መጋዙም የአናጢ መጋዝ አይደለም፤ ያ እርጥብ እንጨት ውስጥ ይታነቃል። የእሳቸው ጎባጣ ነው፤ ጥርሱ ወደ ያዘው ሰው የዞረ፣ ሲገፉት ዝም የሚል፣ ሲስቡት የሚቆርጥ። ሰው ሲገፋ ይቸኩላል፣ ሲስብ ግን ያስባል ይሉ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን እስካሁን መሳቢያ ስስብ እንኳ ትዝ ይሉኛል።

ከአንድ ዛፍ ወደሚቀጥለው ሲሻገሩ ስለቱን በረኪና በነካ ጨርቅ ይጠርጋሉ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የአንዱ ዛፍ በሽታ በስለት ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔ ስቸኩል እዘለዋለሁ። እሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። አንድ ቀን፣ ወደ ሌላ ዛፍ መግባት ወደ መስጊድ እንደመግባት ነው፣ መቀሱም ውዱእ ያድርግ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘልዬው አላውቅም፤ ክርስቲያኗ እኔ በቀን ሃያ ጊዜ መቀሴን ውዱእ ሳስደርግ እውላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዚያኑ ዓመት የካቲት፣ ፍሬው ተለቅሞ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ጣቢያው ውስጥ ያሉትን ወጣት ብርቱካኖች እገርዝ ነበር። ጠዋት ሠራተኞቹ ሳይመጡ ብቻዬን እጀምራለሁ፤ እነሱም ሲመጡ እቀጥላለሁ። በሦስተኛው ቀን አቡ ሐዋ መጥተው አንዱ ዛፍ ሥር ቆሙ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር የተቆረጠ ነገር የሚያነቡት በአውራ ጣታቸው ነው። ከቁርጥ ወደ ቁርጥ እየዳሰሱ ዛፉን አንድ ጊዜ ዞሩት። ተመልሰው እንደገና ዞሩት።

«ይሄን ዛፍ ሁለት ሰው ቆረጠ» አሉ።

ብቻዬን ነበርኩ አልኳቸው።

«ሁለት ሰው ነው። አንዱ ያውቃል። አንዱ ይፈራል።»

አውራ ጣቴን ይዘው ቁርጡ ላይ አሳረፉት። አንዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ በአንድ ትንፋሽ የተቆረጠ ነው። የሚቀጥለው ወደ ሌላው ጎን ያዘነበለ፣ መሀል ላይ ቆም ብሎ እንደገና የተጀመረ። ፀጉሬ ቆመ። ግራኝ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ እናቴ ግራ እጄን በመቀነት እያሰረች በቀኝ አስለምዳኛለች፤ በቀኝ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እበላለሁ። ሰው በሌለበት ግን እጄ ራሱ ይቀይራል። ጠዋት ብቻዬን የቆረጥኩት በግራ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከመጡ በኋላ ያለው በቀኝ። አሶሳ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ነፍስ አልነበረም፤ ዛፉ ላይ ግን ጽፌው ኖሯል።

ነገርኳቸው። ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ሰው ስለሆኑ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አዲስ ዓይነት መሣሪያ ያገኙ ያህል በጥያቄ ያጣድፉኝ ጀመር። በር በየትኛው ትከፍታለህ? ክብሪት? መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ መርፌውን ነው ወይስ ክሩን ነው ግራው የሚይዘው? አንዳንዱን እኔም አላውቀውም ነበር፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ሞክሬ ጠዋት መልስ ይዤ እመጣለሁ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ከረምን። መጨረሻ ላይ ግራው የቆረጠውን ደግመው ዳስሰው አንድ ነገር አገኙ። በቅርንጫፉ በሚቀረው በኩል የመንጠቆው ጭምቅታ አለ፤ ትንሽ ናት፣ ግን አለች። መቀሱ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ በግራ ሲያዝ ስለቱ ከሚጣለው ወገን፣ መንጠቆው ከሚቀረው ወገን ይሆናል። የሚያውቀው ሰው መሣሪያው የራሱ አይደለም አሉኝ፤ ብዙ ያሳዘናቸው ይመስላል።

በዚያው ሰሞን እናትየዋ ታመመች። የሐዋ ባል ደግ ሰው ነው፤ አማቹ ዘመድ ጥየቃ ባምባሲ በሄዱበት፣ ሊጠቅማቸው ብሎ፣ የቤቱን ቆርቆሮ የሚፈትገውን ትልቅ ቅርንጫፍ በገጀራ ከመሀሉ ቀነጠሰው። ገጀራ አይቆርጥም፣ ይሰነጥቃል። ጉቶው ሙጫ ማንባት ጀመረ፤ ከዚያ ደረቀ፤ ድርቀቱም በየሳምንቱ ወደ ግንዱ አንድ ጣት ይጠጋ ጀመር። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ጤነኛው ቦታ ላይ ተቆርጦ ካልወጣ ግንዱ ውስጥ ይገባል፤ ግንዱ ውስጥ ከገባ ደግሞ እናትየዋ አበቃላት። አቡ ሐዋ አማቻቸውን አንድ ቃል አልተናገሩትም። እሳቸው ራሳቸው ግን ጤነኛው ከየት እንደሚጀምር በዓይናቸው መለየት አልቻሉም፤ በአውራ ጣት የሚዳሰስ ነገር አይደለም፣ በቀለም ነው የሚለየው። ሦስት ቀን ዛፏ ሥር ተቀምጠው ዋሉ። በአራተኛው ቀን አስጠሩኝ።

ስደርስ ጆንያ አንጥፈው ያላቸውን ሁሉ ደርድረዋል፤ መቀሱን፣ ባለ ረጅም እጀታውን፣ የአናጢውን መጋዝ፣ ጎባጣውን መጋዝ፣ ሌላው ቀርቶ ያንን ገጀራ። ጋሽ ይመርና የሐዋ ባል አጥሩን ተደግፈው ይመለከታሉ። ምረጥ አሉኝ። ጎባጣውን አነሣሁ። ለምን ሌላውን እንዳልመረጥኩ አንድ በአንድ ጠየቁኝና መለስኩ። መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ገዝግዤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይዞ እንዳይገነጥል አደረግኩ፤ ከዚያ ራቅ ብዬ ከላይ ቆርጬ ክብደቱን ጣልኩ። የቀረው የመጨረሻው ነው፤ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት እብጠት አጠገብ፣ እብጠቱን ሳይነኩ የሚቆረጠው። እሱ ከተሳሳተ ሁሉም ከንቱ ነው።

አቡ ሐዋ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሳብኩ፣ «ቁም» አሉ። «ይሄ የሚፈራው ነው። የሚያውቀውን ጥራ።»

ወደ አጥሩ አየሁ። ሁለቱ ሰዎች አልገባቸውም። መጋዙን ወደ ግራ እጄ ሳሻግረው ጋሽ ይመር፣ «ኧረ በግራ ነው እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ።

አቡ ሐዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱላቸው። «ምግብ በቀኝ። ሰላምታ በቀኝ። ዛፍ ግን አይጨብጥም።»

ቆረጥኩ። ከዚያ በፊት በሰው ፊት በግራ እጄ ማንኪያ እንኳ አንስቼ አላውቅም። ቅርንጫፉ ሲወድቅ የተቆረጠው ቦታ ዳር እስከ ዳር ነጭና ንጹሕ ነበር፤ ድርቀቱ ወደ ግንዱ አልደረሰም። ነጭ ነው አልኳቸው። ደግመው አልጠየቁኝም፤ ጆንያው ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። በቀጣዩ ዓመት ቁስሉ ከዳር ዳር እንደ ከንፈር እየተጠቀለለ ሲገጥም ጎረቤቱን ሁሉ እየጎተቱ አስዳሰሱት።

ከዚያ የግራ መቀስ ማሠራት ጀመሩ። ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ከገበያው ጀርባ ያለ አንድ ቀጥቃጭ ዘንድ ከመኪና ባሌስትራ አስቀጠቀጡት። የእጄን ስፋት በገመድ ለክተው ወሰዱ። ቀጥቃጩ በዕድሜዬ ቀኝና ግራ የሚለይ መቀስ አልሠራሁም እያለ ሲያሾፍባቸው ነበር አሉ። የመጀመሪያው ስለት ከመንጠቆው ጋር አልገጥም አለ፤ መለሱት። ሁለተኛው ገጠመ፣ ግን ያኝካል፤ መለሱት። በሄዱ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ለምለም የብርቱካን ቀንበጥ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው፤ የእኔን ደረቅ ቀርከሃ አልረሱትም። በሦስተኛው ተሳካ። ሲሰጡኝ ንግግር አልነበረም፤ ቀንበጥ አቀበሉኝ፣ ቆረጥኩ፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «አሁን አንድ ሰው ነህ» አሉኝ።

በዚያ መቀስ ሦስት ዓመት ሠራሁ። በየዓመቱ እናትየዋን የምገርዘው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው እየዳሰሱ ያርማሉ። ማን ይቆርጣታል የሚለውን ጥያቄያቸውን አቆሙ። ከዚያ ዝውውር መጣልኝ፤ አዲስ አበባ፣ የቢሮ ሥራ። መቀሱን ይዤላቸው ሄድኩ። እኔ የምሄድበት ዛፍ የለም፣ እዚህ ይቀመጥ፣ በየየካቲቱ እየመጣሁ እገርዛለሁ አልኩ። በጨርቅ ጠርገው ዘይት ቀቡትና በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። «ኢንሻአላህ» አሉ። እንደማልመጣ ያወቁ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው የካቲት ሪፖርት አጣደፈኝ። ሁለተኛውም አንድ ምክንያት ነበረው፤ አሁን ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። እደውላለሁ። ስልክ ላይ አጭር ናቸው። ዛፉ ደህና? አልሐምዱሊላህ። ማን እየገረዘው ነው? «መቀስህ አልተኛም» ይላሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የሚሉኝ። እንዳልጸጸት የሚያባብሉኝ ይመስለኛል፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ከሐዋ ስልክ በኋላ በሦስተኛው ቀን አሶሳ ገባሁ። የካቲት ነበር፤ እንግዲህ በሁለት ዓመት ዘግይቼ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ምንጣፉ ላይ ወንዶቹ ቁርአን ይቀራሉ። ጋሽ ይመር ተነሥተው ሳሙኝ፤ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። ሐዋን አቅፌ አለቀስኩ። በትከሻዋ በኩል ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ጀለቢያቸው ይታየኛል። አንድ ነገር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አላወቅኩትም።

ሴቶቹ መሀል ትንሽ ተቀምጬ በኋላ ቀስ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ገጀራ የነካት፣ የተጎሳቆለች ዛፍ ነበር የጠበቅኩት። እናትየዋ ግን ከሥሯ ጽድት ብላለች። ከግንዷ ሽቅብ እየወጡ ምግቧን የሚሻሙት፣ አቡ ሐዋ ሌባ የሚሏቸው ቀንበጦች አንድ በአንድ ተለቅመዋል። እስከ ደረቴ ድረስ ብቻ ነው። ከደረቴ በላይ ያሉት ሌቦች ማንም ሳይነካቸው እንደ ጦር ቆመዋል።

አውራ ጣቴን አንዱ ቁርጥ ላይ አሳረፍኩ። ያዘነበለው ግራኝ ሰው በሚቆርጠው በኩል ነው። ጭምቅታ የለውም። ሌላውን ዳሰስኩ፤ እሱም ያው። ዛፏን ዞርኳት። ወደ መሬት የቀረቡት፣ ቆየት ያሉት ቁርጦች ሻካራ ናቸው፤ ሁለት ሦስቴ ተሞክሮ የተቆረጠም አለ። ወደ ላይ አዲሶቹ ጋ ስደርስ በአንድ ትንፋሽ ነው። ይህች ዛፍ ላይ የተማረ ሰው አለ። መናገር ያሳፍራል፣ ቀናሁ። መቀሴን ለማን ሰጡት? ማንን አስተማሩ?

ሐዋ ፈልጋኝ ስትመጣ ጠየቅኳት። «ቤታችሁ ውስጥ ግራኝ ማነው?»

«ግራኝ?» አለች። «ማንም የለም።»

ከዚያ የጣቴን መድረሻ አየችና ፊቷን አዙራ ነገረችኝ። ያለፈው ዓመት ክረምት ላይ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መትቷቸው ነበር። ቀኝ እጃቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ወር ያህል ከግድግዳው ፊታቸውን አላነሡም፤ ምግብም በግድ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር መቀሱን እንድታወርድላቸው ጠየቋት። አልጋቸው ላይ ሆነው የቀንበጥ እስር እያስመጡ በግራ እጃቸው መቁረጥ ጀመሩ፤ እየቆረጡ ጫፉን በከንፈራቸው ይዳስሱታል፣ ሌላ የሚዳስሱበት እጅ የለማ። መስከረም ሲጠባ በርጩማ ዛፏ ሥር አስወጡ። ተቀምጠው እጃቸው እስከሚደርስበት ድረስ ገረዙ። ከዚያ በላይ ማንም እንዲነካ አልፈቀዱም።

እንዳትነግረኝ ያስማሏት እሳቸው ናቸው። ሙሀንዲስ ከሰማ ይመጣል፣ ሥራ አለው ብለው። እሷም ታዲያ ምን ልበላት ብትላቸው የመለሱላትን በእሳቸው አነጋገር ነገረችኝ።

«አሁን እኔም ሁለት ሰው ነኝ በለው። የሚያውቀው ተኛ። የሚፈራው ይማራል።»

በርጩማው ዛፏ ሥር እንዳለ ነው። ላዩ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ፤ ስለ ሞታቸው ያላለቀስኩትን ያህል፣ ስለ እነዚያ ሁለት የካቲቶች። ሐዋን መቀሱ የት እንዳለ ስጠይቃት ወደ ገመዱ ሄዳ ጀለቢያውን አወረደችው። ያን ጊዜ ነው ቅር ያለኝ ነገር የገባኝ። የቀኙ ኪስ እጥፋቱ ሳይዛነፍ ተኝቷል፤ የግራው ረዝሞ ወደ ታች ተጎትቷል። ጀለቢያውን አጥበው ሲያሰጡ ከኪሱ ያወጡትን መቀስና እርጥብ ጨርቅ መስኮቱ ላይ ነበር ያስቀመጡት፤ ጨርቁ ደርቋል። ስለቱ ተሞርዷል፤ ዘይት ተቀብቷል።

በረኪና ጠየቅኳት። ሐዋ ጨርቁን ነክራ ሰጠችኝና መቀሱን ውዱእ አስደረግኩት። ጋሽ ይመርና ሌሎች ሁለት ሰዎች ከዳሱ ወጥተው ማዕዘኑ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ በለቅሶ ቤት ዛፍ ይገረዛል ወይ ያለኝ ሰው የለም። የመጨረሻ ቁርጣቸውን በቀኝ አውራ ጣቴ ፈለግኩት። ደረቴ ላይ ነው፤ ከተቀመጡበት ተንጠራርተው የደረሱበት። ከእሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ፣ በግራ እጄ ጀመርኩ።